እሾህ የሌላት ገባ

ዓለምነው ሪያድ በኖረባቸው ስድስት ዓመታት ሁለት ሰው ደብድቧል። ሁለቱንም በዛፍ ምክንያት ነው። መደብደብ ይገባው በነበረበት ቀን ግን ባዶ የውሃ ታንከር ውስጥ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ ነበር። ይህን ሌላ ሰው አያወራበትም፤ ራሱ ነው የሚናገረው። ከአዲስ ሰው ጋር ሲተዋወቅ ስሙን ነግሮ ወዲያው ይህንኑ ያስከትላል።

የራያ ቆቦ ሰው ነው። ባሕሩን በጀልባ፣ የየመንን በረሃ በእግሩ አቋርጦ ሪያድ ሲደርስ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ዋስ የሚሆነው ከፊል የለው፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሆነው ኢቃማ የለው። የተጠጋው ከባዲዓ ሰፈር ዳር፣ ወደ ሸለቆው መውረጃ ላይ ካለ አንድ መሽተል ነው፤ መሽተል ዐረቦቹ ችግኝ የሚያፈሉበትንና የሚሸጡበትን ቦታ የሚጠሩበት ስም ነው። ባለቤቱ አቡ ፈላሕ ይባላል። ዛፍ የሚወድ ሽማግሌ ነበር፤ ቃል መስጠት እንጂ ቃል መጠበቅ የማያውቅ።

ችግኝ ማፍላት የየዋህ ሥራ የሚመስለው ሠርቶት ለማያውቅ ነው። መሽተሉ አብዝቶ የሚሸጠው ሲድር ነበር። ይህ ቆቦ ሜዳ ላይ ከብት የሚጠለልበት፣ ልጆች ፍሬውን የሚለቅሙበት፣ ዓለምነው በአገሩ ገባ ሲለው ያደገው እሾሃም ዛፍ ነው። አንድ ገባ ጣፋጭ ቢያፈራ፣ ፍሬውን ወስዶ የዘራ ሰው ያንኑ አያገኝም። ከአንዲት እናት የወደቀ መቶ ፍሬ መቶ ዓይነት ዛፍ ይሆናል፤ አንዱ ኮምጣጣ፣ አንዱ በውስጡ ካለው ጠንካራ ዘር፣ ከድንጋዩ በቀር ሥጋ የሌለው፣ አንዱ እሾህ ብቻ። ገዢ ደግሞ የቀመሰውን ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ከዘር የበቀለው ችግኝ እርሳስ ሲያክል ልጡ በቢላዋ ይሰነጠቃል። ከታወቀ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ፣ በቅጠሉ ብብት ያለችው እምቡጥ ከነልጧ ትላጥና በስንጥቁ ውስጥ ተሸጉጣ በላስቲክ ትታሰራለች። እሷን ዓይን ይሏታል፤ ሥራውን ማዳቀል። ዓይኗ ይዛ ስትፈካ ከበላይዋ ያለው የችግኙ ራስ ይቆረጣል። ዓለምነው በአንድ ሳምንት ሦስት መቶ አንገት የቀላበት ጊዜ ነበር። ከእነዚያ ውስጥ አንዱን እንኳ ቢተዉት ምን ይሆን እንደነበር አይታወቅም።

ክንዱ ላይ እሾህ ያልበሳው ቦታ አልነበረም። ካሰራቸው አርባ ዓይኖች ግን ሠላሳ ስምንቱ ይይዙለታል፤ አቡ ፈላሕም ያለ ወረቀት ያኖረው ለዚህ እጁ ሲል ነው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ወደ ኋላ ሲነዳ አዲስ የተዳቀሉ ሁለት ረድፎች ጨፍልቆ፣ ወርዶ አይቶ በሳቀ ጊዜ፣ ዓለምነው አንገቱን ይዞ ከመኪናው በር ጋር አጋጨውና ሁለት ጥርሱን አወለቀው። አቡ ፈላሕ ሹፌሩን አባብሎ ሸኘ። ዓለምነውን ግን አላባረረውም።

ሁለተኛው የተደበደበ ሰው ሸምሱ ነው። የከሚሴ ልጅ፣ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ሕንፃ ሥራ ላይ ሲሚንቶ ሲሸከም ወገቡን ተጎድቶ ወደ መሽተሉ የመጣ። ሳቂታ ነበር፣ እንቅልፋምም ነበር። ዓለምነው ማዳቀል አስተማረውና አንድ ቀን በግንቡ ሥር ያለውን ረድፍ ሰጠው። ሸምሱ ሐሩሩ ሲጠናበት ጥላ ፈልጎ ተኛ፤ ሲነቃ መሽቷል፤ «ኸላስ፣ ጨርሻለሁ» አለ። ዓለምነው ውሸቱን ያወቀው ከሁለት ወር በኋላ፣ ብርዱ መጥቶ የማዳቀያው ጊዜ ካለፈ ወዲያ ነው። አሥራ አንድ ችግኝ ራሳቸው ሳይቆረጥ በየእሾሃቸው አድገው አገኛቸው። ውሃ ማጠጫውን ጎማ አንሥቶ ሸምሱን ጀርባውን እስኪያብጥ ገረፈው። ልጁ እጁን አላነሣበትም፤ ፊቱን ብቻ ሸፈነ። ሳምንት ሙሉ በሆዱ ተኛ፤ በስምንተኛው ቀን ተነሥቶ «ወንድሜ፣ ሥራ የለም እንዴ ዛሬ?» አለው። ዓለምነው ያን ጊዜ ይቅርታ ሊለው ፈልጎ ነበር። ነገ እለዋለሁ አለ።

አሥሩን ችግኝ ነቅለው ጣሉ። አሥራ አንደኛው ሥሩ የላስቲክ ከረጢቱን ቀዶ፣ ከምታፈስ ቧንቧ ሥር መሬት ውስጥ ዘልቆ ስለነበር ቢጎትቱት እምቢ አለ። ተዉት። በሦስተኛው ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2013 የካቲት ላይ፣ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ አፈራ። ቅርንጫፉ ላይ አንድ እሾህ አልነበረም። ፍሬው የዶሮ ዕንቁላል ያክላል፤ ሲገምጡት ይንኮሻኮሻል፣ ድንጋዩ ቀጭን ነው፣ ጣፋጭነቱ ምላስ ላይ ይቆያል። ዓለምነው በስንት ሺህ ችግኝ ውስጥ እንደሷ ያለ አላየም። አሥር ዓመት ቢዘራ እንደማይደገምም ያውቃል። የመጣችው በእንቅልፍና በውሸት ነው፤ በሸምሱ ቦታ ጎበዝ የሚባል ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ያኔ አንገቷን ቀልቷት ነበር።

ሸምሱ የኔ ስንፍና ያፈራት ናት እያለ ይኮራባት ጀመር። በአገሩ ያሉት ሸኻቸው የጀነት ሲድር እሾህ የላትም ይሉ እንደነበር ይናገራል። ዓለምነው ደግሞ የጌታ የእሾህ አክሊል ከዚህ ዛፍ ነው ሲባል ሰምቶ ያደገ ነውና፣ እሾህ የጣለች ገባ ሲያይ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ያማትባል። በዚህ አልተጣሉም። የተጣሉት ገና ችግኝ ሳለች ጀምሮ በስሟ ነው። ሸምሱ ሞቶ ቢገኝ ገባ አይልም፤ የከሚሴ ሰው ቁርቁራ ነው የሚላት።

«ገባ ደግሞ ምንድን ነው? ማን ነው የገባው?» እያለ ያሾፋል።

ዓለምነውም ቁርቁራ የዶሮ ስም ይመስላል ይለዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዱ በሌላው ቃል ሳይጠራት ኖሩ።

በዚያው ዓመት መንግሥት ወረቀት የሌለው ሁሉ ከፊል ፈልጎ ሕጋዊ ይሁን፣ አለዚያም ይውጣ ብሎ የወራት ጊዜ ሰጠ። አቡ ፈላሕ ፍሬውን ቀምሶ እጁን ሲልስ ያየው ዓለምነው መላ መጣለት። ሽማግሌው አምስት መቶ ችግኝ ከእሷ አዳቅልልኝ አለው። እሱም አይሆንም፣ አንዲት ዛፍ ሦስት ጊዜ ካላፈራች ዓይኗ አይዝም አለ። ዐይን ያወጣ ውሸት ነበር፤ በዚያው ቀን ማዳቀል ይችል ነበር። የፈለገው ለራሱና ለሸምሱ ኢቃማ ነው። ዛፏ አምስት መቶ ከሆነች እሱ ለማን ያስፈልጋል? እስከ ሦስተኛው ፍሬ ድረስ የሚያውቃት እኔ ነኝ፣ እስከዚያ ወረቀታችንን አስተካክል አለው። አቡ ፈላሕ «ኢንሻአላህ» አለ። ጸደዩም በጋውም በኢንሻአላህ አለቀ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ሸምሱ አላስቻለውም። ሁለት እንኳ በድብቅ እናዳቅል፣ በዓለም ላይ ያለችው አንዲት ግንድ ናት፣ ምስጥ ቢበላትስ፣ መኪና ቢገጫትስ እያለ ለመነው። ዓለምነው እምቢ አለ፤ አንድ ሰው ካየ ውሸቱ ይጋለጣል። ወረቀቱ ሲመጣ የመጀመሪያዋን ዓይን አንተ ትቆርጣለህ፣ ቢላዋዬን እሰጥሃለሁ አለው። የማዳቀያ ቢላዋውን ለማንም አያስነካም ነበር። በዚያን ቀን ይቅርታውንም ሊለው በልቡ ወስኗል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላት ሴት ከእሱ አትብስም።

የአቡ ፈላሕ ልጅ ፈላሕ ዛፍ ቢቃጠል ግድ የሌለው ጎረምሳ ነው። ግድ ያለው ሕጉ ነበር፤ ወረቀት የሌለው ሰው ያስጠጋ ይታሰራል ተብሏል። እነዚህን አበሾች አውጣ እያለ አባቱን በሠራተኛ ፊት ይጮህበታል። አባትየው ዛፏ እስክትዳቀል አይወጡም ብሎ ይመልሳል። ፈላሕ ከዚያ ወዲህ ዛፏን ሲያይ ምራቁን ይተፋባታል።

ጥቅምት ማለቂያ ላይ የምሕረቱ ጊዜ አበቃ፤ ባዲዓም ሌላ ከተማ ሆነች። ክራይ ቤት በር ይሰበራል። ዱላና የብረት ዘንግ የያዙ ወጣቶች ከፖሊሱ ቀድመው በየመንገዱ ጥቁር ፊት ያሳድዳሉ። አንድ የወሎ ልጅ ከሦስተኛ ፎቅ ዘሎ ሁለት እግሩ ተሰበረ። ሌላው አገጩ ወልቆ፣ ደሙን በሸሚዙ ይዞ መሽተሉ ድረስ እየሮጠ መጣና ከችግኞቹ መሀል ወደቀ፤ ሸምሱ ነው አገጩን በጨርቅ ያሰረለት። ይህ ሁሉ የሆነው በቀን ብርሃን፣ ሱቅ ተከፍቶ ሰው ዳቦ እየገዛ ነው። ዓለምነውን እስካሁን የሚያናድደው ዳቦው ነው።

ሁለቱ አንድ ደንብ አወጡ። ሸምሱ ዐረብኛው የተሻለ ስለሆነ በር ላይ ይቆማል። ፖሊስ ግቢውን ሲረግጥ አንድ ቃል ይጮሃል፦ «ገባ»። ባዲዓ ውስጥ የተደበቀ አበሻ ሁሉ የሚጠቀምበት ቃል ነው፤ በዚያች ሰዓት ረጅም ወሬ የሚያወራ የለም። ዓለምነው ይህን ሲሰማ ችግኝ ከሚጠለልበት ዳስ ጀርባ ባለው ባዶ የፋይበር ታንከር ውስጥ ይጠለላል። ሸምሱ ከግንቡ ዘልሎ ይጠፋል። አደጋው ሲያልፍ ተመልሶ ታንከሩን ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። ሁለት ጊዜ ካልተንኳኳ፣ ጣራው ቢነድ እንኳ አይወጣም። ደንቡን ያወጣው ዓለምነው ራሱ ነው፤ ሸምሱን ሦስት ጊዜ አስደግሞታል።

ቀኑ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነበር፤ ጠዋት አራት ሰዓት ግድም። ዓለምነው በዳሱ ውስጥ የብርቱካን ችግኝ ሲያጠጣ ሸምሱ ከበሩ በኩል እየሮጠ ሲመጣ ድምፁን ሰማ።

«ገባ! ዓለምነው፣ ገባ!»

ጎማውን ጥሎ ሮጠ። ታንከሩ ውስጥ ወርዶ ክዳኑን ከላይ ሳበ። ውስጡ የሻገተ ውሃ ይሸታል፣ ይሞቃል፤ ብርሃኑ ሰማያዊ ነው። የመኪና በር ሲዘጋ ሰማ። የብዙ ሰው እግር ሰማ። «ያላ፣ ያላ» የሚል ድምፅ። ቀጥሎ እንጨት በብረት ሲመታ፤ የክፍላቸውን በር እየሰበሩ ነው አለ በልቡ። የሸምሱ ጩኸት ተሰማ። አልዘለለም፣ ያዙት አለ፤ ጸሎት ጀምሮ ማርያም የምትለዋ ቃል ላይ ደጋግሞ ቆመ። ዱላ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ሌላ ነው፤ ጀርባው የሚያውቀው ሰው ይለየዋል፤ የገረፈም ሰው ይለየዋል። ዓለምነው ለየው።

ከዚያ አንድ ነገር ታንከሩን መታ። ደንግ አለ። አንድ።

ሁለተኛውን ጠበቀ። ትንፋሹን ውጦ፣ እጁን ክዳኑ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ሁለተኛው አልመጣም። «ዓለምነው» የሚል የሸምሱ ድምፅ መጣ፤ ሲጮህ ሳይሆን ሲጠራ። ካወጣው ደንብ ውስጥ ስም ጠርቶ ማስወጣት የለም። እኔን ሊያስወጡኝ እያስጠሩት ነው ብሎ አሰበ። አውራ ጣቱን ነክሶ ቁጭ አለ። ብረቱ እንጨቱን መምታት ቀጠለ፤ ቆይቶ የሚወድቅ ነገር ምድሩን አንቀጠቀጠው፤ መኪና ተነሣ፤ ጸጥ አለ።

ምን ያህል እንደቆየ አያውቅም። ከታንከሩ የወጣው፣ ሽማግሌው ሲያለቅስ ሰምቶ ነው። ክዳኑን ሲያነሣ መጀመሪያ ያየው ከታንከሩ ሥር የወደቀ የጡብ ስባሪ ነው። ቀና ሲል ሰማዩ በዝቶበት ታየው፤ ዛፏ የነበረችበት ቦታ ባዶ ነው። ከጉልበት በታች ተቆርጣ ወድቃለች። ሸምሱ ጉቶውን አቅፎ ተኝቷል። የሁለቱም እጆቹ ጣቶች ተሰባብረዋል፤ የጭንቅላቱ ጀርባ የለም። አቡ ፈላሕ ነጭ ቀሚሱ ጉልበቱ ድረስ ደም ነክቶት አጠገቡ ተንበርክኳል።

ዓለምነው የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ፖሊሶቹ ወዴት ሄዱ አለው።

«የምን ፖሊስ?» አለ ሽማግሌው። «ማንም አልመጣም። ልጄ ነው፣ ከጓደኞቹ ጋር። ዛፉ ከሌለ እናንተን የማቆይበት ምክንያት አይኖረኝም ብሎ መጥረቢያ ይዞ መጣ። ይህ ልጅ ግንዱን አቅፎ አለቅም አለ። እጁን መቱት፣ አልለቀቀም።»

ዓለምነው ቆሞ ሳለ ቃሉ ጭንቅላቱ ውስጥ እንደገና ተጮኸ። ገባ። ሸምሱ ፖሊስ አላየም ነበር። ያየው መጥረቢያ የያዘ ሰው ወደ ዛፏ ሲሄድ ነው። ሦስት ዓመት ቁርቁራ ሲላት የኖረ ልጅ፣ ቁርቁራ ብዬ ብጮህ ይስቅብኝ ይሆናል፣ በራሱ ቃል ብጠራት ቶሎ ይገባዋል ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ አላት። ደንቡም ትዝ አላለው፤ ያየው እሷን ብቻ ነው። ኋላም የሚጠራው ባይመጣ ጡብ ወረወረለት። ከግንዱ ላይ አንድ እጁን አንሥቶ።

ዓለምነው የማዳቀያ ቢላዋውን ከኪሱ አወጣ። ጓደኞቹ በሌላ መኪና ሸሽተው ፈላሕ በሩ ላይ በራሱ መኪና ውስጥ ነበር፤ መሪውን እንደያዘ ደረቱ ላይ አስመልሷል። ዓለምነው በሩን ከፍቶ ፀጉሩን ጨበጠው። ያ ቢላዋ እንጨቱን ሳይነካ ልጡን ይለያል። ጆሮው ሥር አስጠጋው፣ ጫነው፣ ደም በቀጭኑ ወረደ። ጎረምሳው አልታገለም። ሽማግሌው ከኋላ ተናገረ፤ ልጄን ተውልኝ አላለም።

«ሊታጠብ ነው። የሚታጠብበት ሲድር ቁረጥለት።»

በእስልምና ሬሳ የሚታጠበው በሲድር ቅጠል ነው፤ ተወቅጦ ውሃው ውስጥ ይጨመራል። አቡ ፈላሕ ይህን ያለው ልጁን ለማዳን በተንኮል ይሁን በእምነት፣ ዓለምነው እስከ ዛሬ አልወሰነም። የሰማው ግን አንድ ነገር ነው፤ ሸምሱ ይታጠባል፣ በሌላ ዛፍ ቅጠል ሊታጠብ ነው። ፀጉሩን ለቀቀው።

ከወደቀችው ዛፍ አጠገብ ተቀምጦ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ቅጠሏን ይለቅም ጀመር። እንባው አያስተያየውም፤ የሚሠራው እጁ ነው። እጁ የለመደው አንድ አለቃቀም ብቻ ነበር፤ ቅጠሉን ከሥሩ መንጭቆ ሳይሆን፣ አንገቱን ትንሽ አስቀርቶ ዓይኗን ሳይነካ መቁረጥ። ከረጢቱ በቅጠል ሲሞላ ቀና ብሎ አየ። ጭኑ ላይ የተከመሩት ዘንጎች ለማዳቀል እንደተዘጋጁ ዘንጎች ራቁታቸውን ነበሩ፤ ዓይኖቻቸው ሁሉ ደህና። የሸምሱን ቀይ የራስ ጥምጥም ከመሬት አነሣ፤ ደም ባልነካው በኩል በቧንቧው ውሃ አርሶ ዘንጎቹን ጠቀለለበት።

ሬሳው በዚያው ቀን ታጥቦ ተቀበረ። የሞት ወረቀቱ ላይ ከዛፍ ወድቆ ሞተ ተብሎ ተጻፈ። ከጉልበት በታች ከሆነ ዛፍ ላይ ሰው እንዴት እንደሚወድቅ የጠየቀ አልነበረም። ዓለምነው ክርስቲያን ነውና ከማጠቢያው ክፍል ውጭ ቆመ። ውሃው ሲፈስ ሰማ፣ የተወቀጠው ቅጠል ሸተተው። ሦስት ዓመት ያሳደረውን ይቅርታ ያን ጊዜ በሩ ላይ ተናገረ፤ በአማርኛ፣ ጮክ ብሎ። አጣቢው ምን ይላል ብሎ ብቅ አለና መልሶ ዘጋው።

ቀሪዋ ተስፋ ከከተማው ማዶ ያለችው የራውዳ ሰፈር ነበረች። የአክስቱ ልጅ ወርቅዬ እዚያ በአንድ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ከግቢያቸው ግንብ ሥር ሳይተክሉት የበቀለ እሾሃም ሲድር እንዳለ ነግራዋለች። ጥቅሉን ሆዱ ላይ በሸሚዙ ሸፍኖ ከባዲዓ ወጣ። መሀል ከተማ፣ ባጥሐ ላይ መኪና ሊቀይር ሲወርድ አራት ጎረምሶች ከበቡት። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻው ላይ አረፈ፣ ሁለተኛው ግራ ክንዱን ሰበረው። ዓለምነው ያን ቀን የማንንም ጥርስ አላወለቀም። ፊቱንም አልሸፈነም፤ በሆዱ ተደፍቶ ጥቅሉን ሸፈነ። ሲሰለቻቸው ትተውት ሄዱ።

ወርቅዬ የጓሮውን በር ስትከፍት ቀድማ ያየችው ክንዱን ነው። እሱ ግን ውሃና ሳሙና አምጪ አላት። ቢላዋው ላይ የፈላሕ ደም ደርቆበት ነበርና ሦስት ጊዜ አሳጠባት፤ እንዲያ ያለ ደም ለዓይኗ አይሆናትም አለ። በአንድ እጁ እየቆረጠ፣ እሷ እየያዘችለት፣ በእሾሃሙ ዛፍ ላይ ሦስት ዓይን አሰረ። ጊዜው ብርድ የሚመጣበት ነው፣ ዓይን አይዝም። ያውቀዋል። ከአሁን በኋላ ከእስሩ በታች ምንም ቢያቆጠቁጥ እንድትቆርጥ አዘዛት።

«የራሱ የዛፉ ነው፣ እሾህ አለው። ሲያለመልም ቆንጆ ይመስልሻል፤ ካዘንሽለት እሷን ይገላታል።»

በማግስቱ ክንዱን አንጠልጥሎ ሄዶ ለተርሒል፣ ማለትም ለሚያባርሩት፣ እጁን ሰጠ። ሁለት ሳምንት በሺህ ሰው መሀል ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ አዲስ አበባ ላይ ተራገፈ። ክንዱ ተጣምሞ ጠገነ። ከዚያ ወዲህ ቢላዋ አልያዘም።

ቆቦ ገብቶ ሲኖር ሰው አንድ ነገር ይታዘበው ጀመር። ያገሩን ዛፍ በስሟ አይጠራም። የገባ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቁርቁራ ይላታል፤ ዐረብ አገር ከርሞ አፉ ጠፋ ብለው ይስቁበታል። ሰው በር ከፍቶ ቤት ሲዘልቅ እንኳ መጣ ነው የሚለው። እናቱ አንድ ጊዜ «እንግዳው ገባ ወይ?» ብላ ብትጠይቀው ተነሥቶ ወጣ።

በፈረንጆቹ 2016 መጋቢት ላይ ወርቅዬ ከራውዳ ደወለች። ከሦስቱ ዓይኖች ሁለቱ በዚያው ሰሞን ጠቁረው እንደረገፉ ቀድሞ ያውቃል። ሦስተኛዋ ብርዱን ሁሉ ተኝታ ከርማ በበጋው ነቅታለች። ወርቅዬ ሁለት ዓመት ከምናምን ከታች የሚወጣውን እሾህ ስትቆርጥ እጇ እንደሱ እጅ ሆኗል።

«ወንድምዓለም፣ አፈራች» አለችው።

እሾህ እንዳላት ጠየቃት፤ የላትም አለችው። ስትናገር እየበላች ነበር፤ ሲንኮሻኮሽ በስልኩ ይሰማዋል። ማዳሟ ለጎረቤት ሁሉ አስቀምሳ፣ ይህ ከየትኛው ዓይነት ነው፣ ስሙ ማን ይባላል እያሉ እንዳስቸገሯት ነገረችው።

«ምን ልበላቸው?»

ዓለምነው ስልኩን ወደ ጠማማው ክንዱ አዛወረ። 

«ቁርቁራ በያቸው።»

ወርቅዬ የቆቦ ልጅ ናትና ቃሉ ለጆሮዋ እንግዳ ሆነባት። ሁለት ጊዜ አስደገመችው።